ዤኒቫልና የኖርበርቶ ቀለም

ዤኒቫል ፎቶ ላይ የሰው ዓይን ሲያጸዳ ትንፋሹን ይይዛል። አጠገቡ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ ቆጥሬለታለሁ፤ እስከ ሠላሳ ይደርሳል። ከዚያ እጁን ከማውሱ ላይ ያነሣና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስክሪኑን ከሩቅ ያየዋል። «ገና ነው» ይላል። ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ «እንዴ፣ አለቀ እኮ! ምን ቀረው?» ሲለውም ለእሱ ገና ነው።

ሱቁ ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ነው። በዚህ በክራቱ ከተማ፣ እኛ ሰፈር ውስጥ፣ የዤኒቫል ሥራ ያልተሰቀለበት ሳሎን አላውቅም። የአባቱ የሴው ሊዮንሲዮም ሥራ ይኸው ነበር (እኛ አቶን «ሴው»፣ ወይዘሮን «ዶና» እንላለን)፤ እሱ ግን በብሩሽ ነው። ያን ጊዜ ሻጮች በየገጠሩ እየዞሩ ከየቤቱ ትንንሽ ጉርድ ፎቶዎች ይሰበስቡ ነበር። ሴው ሊዮንሲዮ ያን የጥፍር ያህል ፊት አሳድጎ፣ ክራቫት አስሮ ለማያውቅ ገበሬ ክራቫት ያስርለታል፤ ጉትቻ አድርጋ ለማታውቅ ሴት ጉትቻ ያንጠለጥልላታል፤ የሞተውን ባል በሕይወት ካለችው ሚስቱ ጎን ያቆመዋል። ዤኒቫል ብሩሽ ማጠብ የጀመረው በሰባት ዓመቱ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ አባቱ አኩርፎ ሁለት ሳምንት አላነጋገረውም ይባላል። በኋላ ግን የራሱን እናት ፎቶ፣ ምስጥ የበላውን፣ ዤኒቫል አድሶ ሲሰጠው ሽማግሌው ብዙ ካየው በኋላ «አገጯ ላይ ብርሃን አበዛህ» አለና ታረቀው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ለአዋቂዎች በተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ያን ዓመት ዤኒቫል ቤቴ ደጃፍ መጥቶ፣ «ዶና ዜፋ፣ እንግዲህ መጻፍ ከቻሉ ይምጡና ትዕዛዝ ይቀበሉልኝ፤ እኔ ሰው ሳናግር እጄ ይረበሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነኝ። የማን ፎቶ እንደሆነ፣ ምን እንዲጨመር፣ ምን እንዲነሣ እጠይቃለሁ፤ በወረቀቱ ላይ እሞላለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቡናማ ወይስ ሰማያዊ?

ይህ የዚያ ቤት ደንብ ነው፤ ከሴው ሊዮንሲዮ የመጣ። በሕይወት ያለ ሰው ጥቁርና ነጭ ፎቶው ላይ ሞቅ ያለ ቡናማ ይገባበታል። የሞተ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም። ልዩነቱ ትንሽ ናት፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ላያስተውላት ይችላል። እኛ ግን ሰው ቤት ስንገባ ከመቀመጣችን በፊት ግድግዳውን አየት እናደርጋለን። ቡናማ ከሆነ «ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?» እንላለን፤ ሰማያዊ ከሆነ «ነፍስ ይማር» እንላለን። ማንም አፉን አያዳልጠውም።

ዤኒቫል ቀለሙን ሲያገባ ማየት እወዳለሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች። እሷን በማውሱ ይዞ የጸጉር ያህል ከፍ ያደርጋታል፤ ቡናማው ከአገጩ ሥር፣ ከዓይኑ ጓዳ፣ ከኮሌታው እጥፋት ውስጥ ቀስ ብሎ ሰርጎ ይገባል። «ጥላው ይጠጣው» ይለኛል። «የዓይን ነጩን ግን እንዳይነካው። ዓይኑ ከቀለመ ሰውየው ጉበቱን የታመመ ይመስላል።» የፊት መጨማደድ አያጠፋም፤ ያለሰልሰዋል እንጂ። ጠባሳ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቅ አይነካም። አንዲት ሙሽራ ጉንጯ ላይ ያለውን ኪንታሮት አጥፋልኝ ብላ አጥፍቶላት፣ ሳምንት ሳይሞላ እጮኛዋ ተቆጥቶ መጥቶ «የኔዋን መልስልኝ!» አለው። ዤኒቫል ያልተነካውን ቅጂ አስቀምጦ ስለነበር ወዲያው መለሰለት። ሁልጊዜ ያስቀምጣል።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስተናል፤ ስህተቱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። የባቄላ ነጋዴው የሴው አዴራልዶ ሚስት የባሏን ፎቶ አዘዘች፤ እኔ ምልክቱን የማይገባው ሳጥን ላይ አደረግሁት። ፎቶው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ሚስትየዋ ከደስታዋ ብዛት ቀለሙን ሳታስተውል ሳሎን ሰቀለችው። በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶች ገብተው «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ሲያለቅሱ ሴው አዴራልዶ ጓሮ፣ ተንጠልጣይ አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሰማል። ተነሥቶ ገባ፤ ፎቶውን አየ። ተመልሶ ተኛ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። «ዤኒቫል ተሳስቶ አያውቅም» ይላል፤ «የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።»

ዤኒቫል ቡናማውን አሳትሞ ሮጠ፤ እኔም ከኋላው።

«ሴው አዴራልዶ፣ ይነሡ። የዶና ዜፋ ጥፋት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ሐኪም አላነጋገረህም?»

«ማንም አላነጋገረኝም። ይኸው ቡናማ ነዎት።»

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ በደንብ አየውና ሚስቱን «ኩስኩስ አምጪልኝ» አላት። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያየኝ «ገዳዬ መጣች» ይላል።

አሁን ወደ ኦዲሊያ ልምጣ።

ኦዲሊያ አበልጄ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ኖርበርቶን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ልጁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለወርቅ ቁፋሮ ወደ ሩቁ ፓራ ክፍለ ሀገር ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ዝም። እነሆ ሠላሳ ዓመት። ብዙ የኛ አገር ልጆች እንደዚያ ሄደዋል፤ ግማሾቹ ተመለሱ፣ የግማሾቹም አስከሬን ወይም ወሬ መጣ። የኖርበርቶ ምንም አልመጣም።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ኦዲሊያ በምርኩዟ ገባች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምርኩዟን የምትይዘው ግን ሰው ልትመታበት እንጂ ልትደገፍበት አይመስልም።

«ልጆቼን በሙሉ አንድ ላይ አድርግልኝ» አለችው ዤኒቫልን። «አምስቱንም። ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ።»

የአራቱን ፎቶ ልጅዋ ማርሉሲያ በስልክ ልካ ነበር። የአምስተኛውን ኦዲሊያ ከጸሎት መጽሐፏ መሐል አወጣችው። ለሥራ መታወቂያ ደብተር የተነሣው ጉርድ ፎቶ ነው። ግማሽ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ጉንጩ ላይ አርፏል፤ ግንባሩ ላይ የስቴፕለር ሽቦ ዝጎበታል።

ዤኒቫል ፎቶውን በሁለት ጣቱ ይዞ ብዙ ጊዜ አየው።

«ልብስ ልቀይርለት፣ ዶና ኦዲሊያ?»

«ኮሌታ ያለው ሸሚዝ አልብስልኝ። ፊቱን እንዳትለውጥብኝ።»

«ወንድሞቹ ሸብተዋል። እሱ መሐላቸው ልጅ ይመስላል። ትንሽ ላስረጀው? እችላለሁ።»

«ሲያረጅ አላየሁትም» አለችው።

እኔ ወረቀቱን እየሞላሁ መጨረሻው ጋ ደረስኩ። «ቀለሙስ፣ አበልጄ?»

ኦዲሊያ ቦርሳዋን ዘጋች። «ዤኒቫል ያውቃል» አለችና ወጣች።

ዤኒቫል በሩን አየ፤ እኔን አየ። «እኔ ምን አውቃለሁ? እግዜር ነኝ እንዴ?»

ያን ሳጥን ባዶ ተውኩት።

ዘጠኝ ቀን ሠራበት። መጀመሪያ ፎቶውን ስካነር ላይ አድርጎ አስገባና ስክሪኑ ላይ በሦስት ለየው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ። «ይምጡ ይዩ ዶና ዜፋ» አለኝ። በቀዩ ላይ ማኅተሙ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይታያል። በሰማያዊው ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ የማኅተሙ ቀለም ራሱ ሰማያዊ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ተደብቋል፤ ከሥሩ የኖርበርቶ ጉንጭ ብቅ ብሏል። ዝገቱ ደግሞ በተቃራኒው፣ በሰማያዊው ጠቁሮ በቀዩ ይጠፋል። ስለዚህ ጉንጩን ከአንደኛው፣ ግንባሩን ከሌላኛው ወስዶ ገጠማቸው። ሌላ ሠሪ ቢሆን የወንድሙን ጉንጭ ቆርጦ ይለጥፍ ነበር። ዤኒቫል፣ «ይሄ ልጅ የራሱ ጉንጭ አለው፤ ፈልጌ ማግኘት ነው የኔ ሥራ» አለ።

የቀረውን በነጥብ በነጥብ ሠራው። የአፍንጫ ቀዳዳ ስክሪኑን የጉድጓድ ያህል እስኪሞላ ድረስ አጉልቶ፣ ከአንዱ ቦታ የቆዳ ቅንጣት ወስዶ ሌላ ቦታ እያኖረ። በስድስተኛው ቀን ግራ ቅንድቡ ላይ ቆመ።

«ይቺ መስመር ጠባሳ ናት ወይስ ቆሻሻ?»

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። «በቅሎ ረግጣው ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ጅራቷን ሊጎነጉን ከኋላዋ ሄዶ ነው። እኔ ነኝ ይዤው ወደ ሐኪም የሮጥኩት፤ ቀሚሴ በደም ርሶ።»

«እንግዲያው ትቆይ» አለና መስመሯን እንዲያውም ትንሽ አጠራት።

ፊቱ ጸድቶ ሲያልቅ በእውነት እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኖርበርቶን በማኅተም ሥር ነበር የማስታውሰው። አሁን ቀና ብሎ ያየናል፤ ፎቶ አንሺው ያስቀው ይመስል አፉን ገጥሞ ይዟል። ዤኒቫል ከወንድሞቹና ከእህቱ መሐል አቆመው፤ ብርሃኑን ከሁሉም ጋር አስማማው። አራቱ ቡናማ ገባባቸው። ኖርበርቶ ገና ጥሬ ነው፤ ቀለም ያልገባበትን ዤኒቫል ጥሬ ይለዋል።

ሐሙስ ቀን ማርሉሲያ ከምትኖርበት ከፎርታሌዛ በአውቶቡስ መጣች፤ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቀጥታ ሱቅ። አርባ አምስት ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ ቁጣዋ ግን ያው የልጅነቷ ነው።

«ሰማያዊ ነው የምታደርገው» አለችው።

«ደህና ዋልሽ፣ ማርሉሲያ።»

«ደህና ዋልክ። ሰማያዊ አድርገው። ዶና ዜፋ፣ እርስዎም ይንገሩት እንጂ! እናቴ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ባለፈው ኩሽና ወለል ላይ ግማሽ ቀን ተኝታ ነው የተገኘችው። የፊት በሯን መቀርቀሪያ አትዘጋም፤ ሌባ ሬዲዮኗን ወስዶባታል። እኔ ጋ ነይ፣ ክፍል አዘጋጅቻለሁ ስላት ምን ትለኛለች? "እዚያ ቢመጣ ቤቱን አያውቀውም።" ያቺ ሴት እሱን ስትጠብቅ ብቻዋን ልትሞት ነው!»

«ፎቶውን ያዘዘችው እሷ ናት» አለ ዤኒቫል።

«ቀለም አልመረጠችም አይደል? ነግራኛለች። ለአንተ ነው የተወችው። አንተ ሰማያዊ ካደረግከው ታምናለች። ቄሱን አታምንም፣ እኔን አታምንም፤ አንተን ታምናለች።»

«እሱ ነው እኮ ያስቸገረኝ።»

«አባትህ ቢሆን ያደርገው ነበር!»

«አባቴ ቢሆን መጀመሪያ ወንበር ይሰጥሽ ነበር» አለና ወንበሩን ገፋላት። ማርሉሲያ ተቀመጠች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ፊት ተጠጋች። ኖርበርቶ ከጎኗ ቆሟል፤ እሷ ሸብታ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ።

«ልጄን ነው የሚመስለው» አለች ቀስ ብላ።

ልናገር እንጂ፤ እኔ ቡናማ እንዲሆን ነበር የምፈልገው። ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው። ግን ማርሉሲያም አልዋሸችም፤ የኦዲሊያ ክንድ ላይ የበለዘውን እኔም አይቻለሁ። ዤኒቫል ሁለት ቀን ሙሉ አንዴ ቡናማውን፣ አንዴ ሰማያዊውን ስክሪኑ ላይ እያደረገ ተቀመጠ። ለሌላ ደንበኛ አልሠራም። ቅዳሜ ጥሬውን አሳተመና ጠቀለለው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ልጠይቃት። ይምጡ።»

ኦዲሊያ ሳሎን ነበረች፤ ማርሉሲያ ባቄላ ትለቅማለች። ዤኒቫል ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አሮጊቷ አጉሊ መነጽሯን ይዛ አጎነበሰች። አራቱን አልፋ ኖርበርቶ ጋ ስትደርስ መነጽሩን ወደ ፊቱ አስጠጋች።

«ጉንጩን አገኘኸው» አለችው።

«አገኘሁት።»

«ቅንድቡንም።»

«ዶና ኦዲሊያ» አለ ዤኒቫል፤ «ቀለም የማገባው ለባለቤቱ አይደለም፤ ለእንግዳ ነው። እንግዳ ገብቶ ምን እንደሚል እንዲያውቅ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ሰው እዚህ ገብቶ ኖርበርቶን ሲያይ ምን እንዲልዎት ይፈልጋሉ?»

ማርሉሲያ ባቄላውን ተወችው።

«ሰማያዊ አድርገው ካልኩህ» አለች ኦዲሊያ፣ «ገደልኩት ማለት ነው። ቡናማ አድርገው ካልኩህ፣ ሠላሳ ዓመት እናቱን የረሳ ልጅ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም በአፌ አልለውም። አንተ በልልኝ ብዬ ነበር።»

«እኔም አልለውም። የማላውቀውን ቀለም አላገባም።»

«መሄጃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ይህን ስትል ማንንም አላየችም። «የስፌት መኪናዬን ሸጬ የአውቶቡሱን የከፈልኩለት እኔ ነኝ። አባቱ አትሂድ ብሎት ነበር።»

ማርሉሲያ ብድግ አለች። «አባባ ነው ያባረረው! ዕድሜ ልኬን አባባን...»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም። ዝም አልኩ እንጂ። አንቺ ነሽ ያልሽው፤ እኔም አላረምኩሽም።»

እኔ እንኳ፣ አበልጇ፣ ይህን አላውቅም ነበር። የስፌት መኪናው ተበላሽቶ ተጣለ ነበር ያለችኝ።

ማርሉሲያ ቆማ ቀረች። እናቷ ላይ ልትጮህ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን እንደገና ተቀመጠችና ወንበሯን ወደ እናቷ ጎተተች። «ስትሰጪው ምን አለሽ?» አለቻት።

«ምን?»

«ገንዘቡን ስትሰጪው። ኖርበርቶ ምን አለሽ?»

ኦዲሊያ ቀና አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ የለም» አለች። «እናንተ እንዳላዝን ብላችሁ፣ ሰዉም እንዳይሳሳት ብሎ፣ ስሙን የሚያነሣልኝ የለም።» ከዚያ መናገር ጀመረች። በአውቶቡሱ መስኮት ራፓዱራ፣ ያን የሸንኮራ ስኳር ጡብ፣ ልታቀብለው ስትሮጥ ጫማዋ እንደወለቀ፤ እሱ ስቆ ስቆ ሳል እንደያዘው፤ ሹፌሩ እንደተሳደበ። ማርሉሲያ እየሳቀች ታለቅሳለች። ዤኒቫል እኔን በክርን ነካ አደረገኝና ወጣን።

መንገድ ላይ «ገባኝ» አለኝ።

ሰኞ ፎቶውን በክፈፍ አድርጎ ወሰደላት። አራቱ ቡናማ ናቸው። ኖርበርቶ መሐላቸው ጥሬ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም የለበትም። «ያየው ሰው ምን እንደሚል አያውቅም» አላት ዤኒቫል። «ስለዚህ መጠየቁ አይቀርም።»

ኦዲሊያ መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። «ገና ነው አትልም?» አለችው።

«አይ። ይሄ አልቋል።»

የጋዝ ሲሊንደር አዳዩ ሰውዬ ነው መጀመሪያ የጠየቀው። ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ እንደያዘ ግድግዳውን አየና፣ «ዶና ኦዲሊያ፣ ይሄኛው ምነው ቀለም አልደረሰውም?» አላት። ወንበር ላይ አስቀምጣ ስለ ልጇ አወራችው። የጭነት መኪናው በሩ ላይ ሲቆም ሰፈሩ ሁሉ ጋዝ እየጠበቀ ጮኸ። ከዚያ ነርሷ ጠየቀች። ከዚያ ቄሱ። በየጊዜው አንድ አዲስ ነገር ይጨመራል፤ እኔ የረሳሁትን ሁሉ አበልጄ አልረሳችም። ማርሉሲያ እንኳ በየእሑዱ ስትደውል የእናቷን ደም ግፊት ከጠየቀች በኋላ «ዛሬስ ማን ጠየቀሽ?» ማለት ጀመረች።

ሌሎች ሰዎችም ዤኒቫል ጋ መጥተው «የኛንም እንደዚያ ግራጫ አድርግልን፤ ያምራል» አሉት። እንቢ አለ። «የእናንተው ታውቋል» ይላቸዋል።

በኅዳር መጀመሪያ፣ በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሻማ ይዞ ወደ መቃብር ሲሄድ፣ ኦዲሊያ ቤቷ ቀረች። እኔም ከእሷ ጋር ቀረሁ። በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ሳለ ድንገት፣ «ማርሉሲያ ጋ ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ምን አልሽኝ?»

«ጉልበቴ አልቋል፣ ዜፋ። እሷ ደግሞ ትጠይቀኛለች። የምትጠይቀኝ ካለች የትም እኖራለሁ።»

በሄደችበት ቀን ዤኒቫል ፎቶውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ አመጣው። «ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት» ብሎ ማርሉሲያን ሦስት ጊዜ አስማላት። ኦዲሊያ ታክሲው ውስጥ ገብታ ፎቶውን ጭኗ ላይ አቀፈችው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ዜፋ፣ ከመጣስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ፣ አበልጄ?» አልኳት። «እዚሁ ነኝ። አምጥቼ አስረክብሻለሁ።»

ራሷን ነቀነቀችና ሹፌሩን ሂድ አለችው።